የድርጅትዎ ስም መዝገብ በማን እጅ ነው? የዲ.ኤን.ኤስ ዞን ማስተዳደሪያን በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ስለ መጫን

የንግድ ፈቃድ በመስተዋት ገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሊብሬ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። የቤት ካርታማ ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳይነካው ይቆለፍበታል። ድርጅቱ በኢንተርኔት የሚጠራበት ስም መዝገብ ግን በማን እጅ እንዳለ ነጋዴው ቢጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ «ኮምፒዩተር የሚሠራልን ልጅ ያውቃል» የሚል መልስ ይሰጣል። የዛሬው ትምህርታችን በዚህችው መልስ ላይ ነው። መዝገቡ ምን እንደሆነ፣ የሚተዳደርበት መሣሪያ በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ እንዴት እንደሚጫንና ከተጫነ በኋላ የት የት ላይ ገንዘብ ሊያሳጣ እንደሚችል በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ምስሩ ሳይሸጥ የቀረበት ምክንያት

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። ምሳሌውን ከአቀስታ እንውሰድ። አቀስታ በደቡብ ወሎ የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚዘልቀው መንገድ ያልፍባታል። አገሩ ደጋ ነው። እዚያ ምስርና ባቄላ እየሰበሰቡ አዲስ አበባ ላሉ ላኪዎች የሚያቀርቡ አንድ ነጋዴ አሉ እንበል። እኚህ ሰው ከጊዜ በኋላ «በሰው በኩል ከምሸጥ ራሴ ከውጭ ገዢ ጋር ልጻጻፍ» ብለው በድርጅታቸው ስም ድረ ገጽና ኢሜይል አሠሩ። ገዢም ተገኘ። ናሙና ተላከ፣ ዋጋ ተጠየቀ።

በመሀሉ ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ርካሽ ቦታ አገኘሁ ብሎ ገጹን ወደ ሌላ አገልግሎት ሰጪ አዛወረው። ሲያዛውር የድረ ገጹን አድራሻ በአዲሱ መዝገብ ላይ ጻፈ፤ ኢሜይል ወዴት እንደሚደርስ የሚናገረውን መስመር ግን ሳይጽፍ ቀረ። ድረ ገጹ አማረ። ኢሜይሉ ግን ዝም አለ። ገዢው ሁለት ጊዜ ጽፎ ደብዳቤው ሲመለስበት ፊቱን ወደ ሌላ አገር ምስር አዞረ። ነጋዴው ይህን ያወቁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሌባም አታላይም የለም። የጠፋው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ያቺ መስመር የነበረችበት መዝገብ ነው እንግዲህ «ዞን» የሚባለው።

ዞን ሲባል

ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ሰው ደግሞ ቁጥር ይረሳል፣ ስም ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በመረብ የተያያዙት ኮምፒዩተሮች ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ተጽፎ በካሊፎርኒያው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይያዝ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይገለብጥ ነበር። ስሞቹ እየበዙ ሲሄዱ ይህ አሠራር አላዋጣም። በመሆኑም በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ መዝገቡን ከፋፍሎ ለየባለቤቱ የሚያድል ሥርዓት ነደፈ። ዲ.ኤን.ኤስ የሚባለው ይኸው ነው።

ዞን ሲባል የደቡብ ወሎ ዞን እንዳይመስልዎ። ይሁንና ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት በአቀስታ ያለውን እያንዳንዱን ሱቅ አይመዘግብም። የሚጠይቀውን ሰው ወደ ክልሉ ይመራዋል፣ ክልሉ ወደ ዞኑ፣ ዞኑ ወደ ወረዳው ይመራዋል። ሱቁን በስሙ የሚያውቀው የወረዳው መዝገብ ነው። በዲ.ኤን.ኤስም እንዲሁ ነው። ከሁሉ በላይ ያለው የዓለሙ ሥር መዝገብ «ነጥብ ኢቲ» ማን ዘንድ እንዳለ ብቻ ይናገራል። የነጥብ ኢቲ መዝገብ ደግሞ «ኮም ነጥብ ኢቲ» ወዳለበት ይመራል። ከዚያ በታች ያለው የእርስዎ ዞን ነው፤ በውስጡ የተጻፈውን የሚወስኑትም እርስዎ ነዎት፤ ወይም እርስዎን ተክቶ ብዕሩን የያዘው ሰው ነው።

የአገራችን መለያ የሆነው ነጥብ ኢቲ በዓለም አቀፉ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ በክፍያ መቅረብ የጀመረው ከዚያ በኋላ በ1997 በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ነበር። ዛሬ የነጥብ ኢቲን መዝገብ የሚይዘው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ከመጫንዎ በፊት ይጠይቁ

መሣሪያ ከመጫን በፊት ዞንዎ የት እንደተቀመጠ ማወቅ ይገባል። ነገሩ ከሦስት አንዱ ነው።

አንደኛ፣ ስሙን በሸጠልዎ ወይም ድረ ገጹን ባስቀመጠልዎ አገልግሎት ሰጪ ዘንድ ሊሆን ይችላል። የአብዛኛው ነጋዴ ዞን ያለው በዚህ መልክ ነው። እንዲህ ከሆነ የሚጫን ነገር የለም። በኢንተርኔት መክፈቻው በኩል ገብተው፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሰጥተው መስመሮቹን ያያሉ። ስለዚህ «የዞን ማስተዳደሪያ እጭንልዎታለሁ» ብሎ ዋጋ የሚጠራ ሰው ቢመጣ፣ በቅድሚያ ለምን እንደሚያስፈልግዎ ይጠይቁት።

ሁለተኛ፣ ድርጅትዎ ከፍ ያለ ሆኖ የራሱ የዊንዶውስ ሰርቨር ሊኖረው ይችላል። ሦስተኛ፣ ዞኑ «ባይንድ» በሚባለው ነጻ ፕሮግራም በሊኑክስ ማሽን ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ባይንድ በ1980ዎቹ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተጀመረ ሲሆን እስከ ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል። የመጫን ጉዳይ የሚነሳው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

በዊንዶውስ ላይ

በቢሮው ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ፣ «ፕሮ» ወይም «ኢንተርፕራይዝ» የሚባለው ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። «ሆም» በሚባለው ላይ መሣሪያው አይጫንም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግማሽ ቀን ያጠፋል።

አካሄዱ የሚከተለው ነው። በማሽኑ ላይ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ባለው ስም ይግቡ። ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ይሁን። «ሴቲንግስ»ን ከፍተው በመፈለጊያው ላይ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ብለው ይፈልጉ። ተጨማሪ ነገር ለማስገባት የሚያስችለውን ቁልፍ ተጭነው ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «አር.ኤስ.ኤ.ቲ» በሚል የሚጀምሩትን ይመልከቱ። ከእነርሱ መካከል «ዲ.ኤን.ኤስ ሰርቨር ቱልስ» የሚለውን መርጠው «ኢንስቶል» ይበሉ። ከ2018 ወዲህ ባሉት የዊንዶውስ እትሞች መሣሪያው የሚመጣው በዚህ መንገድ ስለሆነ ለብቻው ፋይል መፈለግ አያስፈልግም፤ ካልታወቀ ቦታ የተገኘ ፋይል መጫንም አይገባም። ሲያበቃ በአስተዳደር መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ «ዲ.ኤን.ኤስ» የሚል ምልክት ያገኛሉ።

መሣሪያው መጀመሪያ ሲከፈት ከየትኛው ሰርቨር ጋር እንደሚገናኝ ይጠይቅዎታል። «ይህ ኮምፒዩተር» የሚለውን ከመረጡ አይሆንም፤ ምክንያቱም የጠረጴዛው ኮምፒዩተር መስኮት እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም። ሁለተኛውን መርጠው የሰርቨሩን ስም ይጻፉ። በሰርቨሩም ላይ ዞን እንዲያስተዳድሩ የተፈቀደልዎ መሆን አለብዎት፤ ፈቃድ ከሌለዎት መስኮቱ ይከፈታል፣ በሩ ግን አይከፈትም።

ከተገናኙ በኋላ «ፎርዋርድ ሉክአፕ ዞንስ» የሚለውን ሲዘረጉ የድርጅቱን ስም ያዩታል። በስሙ ላይ በቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ አዲስ አድራሻ፣ አዲስ የኢሜይል መስመር የሚሉ ምርጫዎች ይመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አይንኩ። አይተው፣ መስመሮቹን በወረቀት ላይ ገልብጠው ይዝጉት።

በሊኑክስ ላይ

ዊንዶውስ ሰርቨር ለሌለው፣ ነገር ግን ነገሩን በእጁ መማር ለሚፈልግ ሰው የሚሻለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኖ መለማመድ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። የትዕዛዝ መስኮቱን ከፍተው ባይንድ 9ን እንዲጭን ሲያዝዙት ከነመመርመሪያው ያመጣዋል። የዞኑ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው። በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ይጻፋል። ከጻፉ በኋላ «ቼክዞን» በሚባለው መመርመሪያ ስህተት ካለ ያያሉ፤ ከዚያም «ዲግ» በሚባለው መጠየቂያ ራሱን ማሽኑን ጠይቀው መልሱን ያረጋግጣሉ። በዊንዶውስ ላይ ይህን የመጠየቅ ሥራ የሚሠራው «ኤን.ኤስ.ሉክአፕ» ነው፤ እርሱ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ አይጫንም። የመለማመጃው ማሽን ግን ለውጭው ዓለም ክፍት እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

አምስቱ መስመሮች

በዞን ውስጥ የሚጻፉት የመስመር ዓይነቶች ብዙ ናቸው። ነጋዴ ሊያውቃቸው የሚገቡት ግን አምስት ናቸው።

«ኤስ.ኦ.ኤ» የመዝገቡ ሽፋን ነው፤ የመዝገቡን ተራ ቁጥርና የጊዜ ልኮች ይይዛል። «ኤን.ኤስ» መዝገቡን የያዙት ሰርቨሮች እነማን እንደሆኑ ይናገራል። «ኤ» የሚባለው ስሙን ከቁጥሩ ጋር ያገናኛል፤ ለትምህርት በተተወው ቁጥር ብንጽፈው «የድርጅቱ ስም 192.0.2.10 ላይ ይገኛል» እንደ ማለት ነው። «ኤም.ኤክስ» ኢሜይል የት እንደሚደርስ ይናገራል፤ የአቀስታውን ነጋዴ ገበያ ያሳጣቸው የእርሱ መጥፋት ነው። «ቲ.ኤክስ.ቲ» ደግሞ ልዩ ልዩ ማስታወሻ የሚጻፍበት ሲሆን፣ በድርጅቱ ስም ኢሜይል መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች እነማን እንደሆኑ የሚታወጀው በእርሱ ላይ ነው። በድርጅትዎ ስም «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ በዚህኛው ላክልን» የሚል የሐሰት ደብዳቤ ለደንበኛ እንዳይደርስ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ይህ መስመር ነው። ብቻውን አይበቃም፤ መቅረቱ ግን ለአጭበርባሪ ሥራ ያቀላል።

አንዲት ነጥብ ያደረሰችው

ሙሉ ስም በዞን ፋይል ውስጥ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ነጥብ ይደረግበታል። ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ እንደሚዘጋ ሁሉ ስሙም በነጥብ ካልተዘጋ ፕሮግራሙ «ገና አላለቀም» ብሎ የዞኑን ስም ከኋላው ይቀጥልበታል። «ሜይል ነጥብ አቀስታምስር ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ» ብለው ጽፈው ነጥቡን ቢረሱ፣ «አቀስታምስር ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ» ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ የማይገኝ ስም ይሆናል።

ይህ የጀማሪ ስህተት ብቻ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2009 የስዊድን መለያ የሆነው የነጥብ ኤስኢ ዞን ሲታደስ በተሳሳተ ፕሮግራም ምክንያት ይህችው የመጨረሻ ነጥብ ቀረች። 900 ሺህ ያህል የሚሆኑት የአገሪቱ ስሞች በአንድ ጊዜ የማይገኙ ሆኑ። ስህተቱ በአንድ ሰዓት ገደማ ቢታረምም፣ የተሳሳተውን መልስ አስቀድመው የያዙ ሰርቨሮች እስኪረሱት ድረስ ችግሩ ከዚያም በኋላ ቆይቷል።

የፈረንጅና የሐበሻ ዘመን ሲቀላቀል

በእጅ የሚጻፍ ዞን በታረመ ቁጥር ተራ ቁጥሩ መጨመር አለበት። ሁለተኛው ሰርቨር ለውጥ መኖሩን የሚያውቀው ቁጥሩ ማደጉን አይቶ ነው። የተለመደው አጻጻፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያም በዕለቱ የተደረገው እርማት ስንተኛ እንደሆነ በድምሩ በ10 አሃዝ ማስፈር ነው፤ 2025031501 እንደ ማለት።

ታዲያ ለእኛ አገር ሰው ልዩ ወጥመድ አለ። ይህ ጸሐፊ በመለማመጃ ኮምፒዩተሩ ላይ አንዱን ቀን በፈረንጅ ዘመን 2025 ብሎ ጽፎ፣ በሌላው ቀን ሳያስበው በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎ ቁጥሩን አሰፈረ። ቁጥሩ ከማደግ ይልቅ አነሰ። ሁለተኛው ሰርቨርም «እኔ ዘንድ ያለው ይበልጣል» ብሎ እርማቱን ሳይቀበል ቀረ። ዋናው ሰርቨር አዲሱን፣ ሁለተኛው አሮጌውን ሲመልሱ የምሽቱ ሥራ ሁሉ ምክንያቱን በመፈለግ አለቀ። በንግድ ዞን ላይ ቢሆን ኖሮ ከደንበኞች ግማሹ አዲሱን፣ ግማሹ አሮጌውን አድራሻ ያገኝ ነበር። ስለዚህ አንዱን ዘመን መርጦ በእርሱ መጽናት ነው። በዊንዶውሱ መሣሪያ ሲሠሩ ቁጥሩን መሣሪያው ራሱ ስለሚያሳድገው ይህ ችግር አይገጥምዎትም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ የጊዜ ጉዳይ አለ። እያንዳንዱ መስመር ሌሎች ሰርቨሮች ለምን ያህል ጊዜ በማስታወሻቸው እንደሚያቆዩት በሰከንድ ይነገራል። 86400 ከሆነ አንድ ቀን፣ 300 ከሆነ አምስት ደቂቃ ማለት ነው። ድረ ገጽ ወይም ኢሜይል ከማዛወርዎ ከአንድ ቀን በፊት ልኩን ወደ 300 ዝቅ ያድርጉት፤ ዝውውሩ ካበቃና መልካም መሆኑ ከታየ በኋላ ይመልሱት። ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ የአንድ ሙሉ ቀን ገበያ ግን ያድናል።

መዝገቡን ሱቅ ውስጥ ማስቀመጥ

መሣሪያው በአቀስታ ሱቅ ውስጥ ባለ ኮምፒዩተር ላይ መጫኑ ጥሩ ነው። ዋናው ሰርቨር ግን እዚያው መቀመጥ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የኢንተርኔት አሠራር መመሪያ የአንድ ዞን ሰርቨሮች በቦታም በመስመርም የተራራቁ እንዲሆኑ ይመክራል። ምክሩ ለእኛ ነገሩን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ሁለተኛ ሰርቨር ዋናውን ማግኘት ሲያቅተው በያዘው ቅጂ መልስ እየሰጠ የሚቆየው በሽፋኑ መስመር ላይ እስከተጻፈለት ቀን ድረስ ብቻ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነው። ወራት የፈጀ መቋረጥ ከዚህ ይበልጣል። ዋናው መዝገብ ተቆርጦ በቀረ ሱቅ ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ነጋዴው አዲስ አበባ ባለው ወኪላቸው በኩል እየሠሩም እንኳ ስማቸው ከዓለም ይጠፋ ነበር።

እድሳትና ባለቤትነት

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። መሣሪያው በኮምፒዩተርዎ ላይ መኖሩ ስሙ የእርስዎ መሆኑን አያረጋግጥም። ስሙ የተመዘገበው በማን ስም ነው? የእድሳት ማሳሰቢያ የሚሄደው ወደ ማን ኢሜይል ነው? ማሳሰቢያው የሚሄደው ድሮ ወደ ለቀቀ ሠራተኛ ከሆነ፣ የእድሳቱ ቀን ሳይታወቅ ያልፋል።

ትልቁም ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 በገና ዋዜማ ማይክሮሶፍት የ«ፓስፖርት» አገልግሎቱን ስም ሳያሳድስ በመቅረቱ የሆትሜይል ተጠቃሚዎች ደብዳቤያቸውን መክፈት አቃታቸው። ነገሩ የተፈታው አንድ አሜሪካዊ ፕሮግራም ሠሪ ችግሩን አይቶ 35 ዶላሩን ከኪሱ ስለከፈለ ነው። ማይክሮሶፍት እንዲህ ያለ ቅን ሰው ገጠመው። የአቀስታ ነጋዴ ግን እንዲህ ያለውን ዕድል ተማምኖ መቀመጥ የለበትም።

ለኢንቨስተርና ለደላላ

በሥራ ላይ ያለ ድርጅት ለሚገዛ ሰው የምንመክረው አለ። ሻጩ የሕንፃ ካርታ፣ የግብር ክሊራንስና የዕቃ ዝርዝር ሲያቀርብ፣ የስሙን ምዝገባ ማስረጃና የዞኑን ቅጂም ይጠይቁ። ደላላም ቢሆን «ከነስሙ ይሸጣል» ከማለቱ በፊት ስሙ በማን እጅ እንዳለ ማጣራት ይገባዋል። ስሙ በባለሙያው የግል መለያ ተመዝግቦ ከተገኘ፣ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ወደ ድርጅቱ ይዛወር። ከፈረሙ በኋላ የሚደረግ ልመና ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ባለሙያውን ማስቀየም አያስፈልግም። ዕውቀቱም ድካሙም ዋጋ አለው፣ ይከፈለው። ከክፍያው ጋር ግን ሦስት ነገር ይቀበሉት፤ የመግቢያውን ስምና የይለፍ ቃል፣ የዞኑን የታተመ ቅጂ፣ ቀጣዩ እድሳት የሚደርስበትን ቀን። ቅጂውን ከሊብሬውና ከካርታው ጋር ካዝና ውስጥ ያኑሩት፣ እርማት በተደረገ ቁጥርም ይተኩት። ይህን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ባለሙያዎን ጠርተው መጀመር ይችላሉ።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ገበያው ይቅናዎት።